የጌም ድረ ገጻችሁን ከአቅጣጫው ጀምሮ ማደስ፦ ዝርዝር መመሪያ

የጌም አድናቂዎች ድረ ገጽ ሲያረጅ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አዲስ ቴም (የድረ ገጹን መልክ የሚወስን ጥቅል) መጫን ነው። ቀለሙ ይቀየራል፣ ሎጎው ይቀየራል፣ ከላይ ትልቅ ተንሸራታች ፎቶ ይሰቀላል። ወር ሳይሞላ ከጉግል የሚመጣው ሰው ይቀንሳል፤ ቴሌግራም ላይ የተለጠፉት የድሮ ሊንኮች «ገጹ አልተገኘም» ይላሉ፤ የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የቴሙ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው፦ አቅጣጫው ሳይወሰን መልኩ ተነካ፣ የነበረው ሳይቆጠር አዲሱ ተሠራ።

መመሪያው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ተቀምጠው የእግር ኳስ ጌም ድረ ገጽ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ለሚያንቀሳቅሱ ነው። ምሳሌዎቹ ከኢፉትቦልና ከኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተወሰዱ ናቸው፤ ለሌላ ጌምም ደረጃዎቹ አይለወጡም። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ፣ አንባቢውም በስልክ የሚገባ እንደሆነ ወስደናል።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- የስድስት ሳምንት ቅዳሜና እሁድ። በሁለት ሳምንት እንጨርሳለን ካላችሁ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 8ን ትዘላላችሁ፤ የሚያከስሩትም እነሱ ናቸው።
- የሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር) እና የዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) የይለፍ ቃል። ሁለቱ የተለያዩ አካውንቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ገብታችሁ አረጋግጡ።
- ሁለት ፍላሽ።
- 2 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ። የእናንተ ጥሩ ስልክ ለሙከራ አይሆንም።
- አንድ የሰንጠረዥ ፋይልና አንድ ደብተር።

የቀን ምርጫውን አሁኑኑ ጨርሱ። ኤፍሲ 24፣ ኤፍሲ 25 እና ኤፍሲ 26 የወጡት ሁሉም ከመስከረም 16 እስከ 18 ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም በመስቀል ሰሞን። ጌሙ የሚፈለገው ያን ጊዜ ስለሆነ እድሳቱ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ማለቅ አለበት። ሐምሌ ላይ የሚጀምር ሰው ደግሞ የክረምቱን የመብራት መቆራረጥ በሂሳቡ ያስገባ። ግንቦት ላይ መጀመር ይሻላል።

## ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ ሙሉ ቅጂ ያዙ

1. የዎርድፕረስ ባክአፕ ሁለት ክፍል አለው፤ ፋይሎቹና ዳታቤዙ። ፎቶው ፋይል ውስጥ ነው፣ ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ባክአፕ አልያዘም።
2. ዳታቤዙን ስታወርዱ የፊደል አመሳጠሩ ዩቲኤፍ-8 (ግዕዝንም የሚይዘው) መሆኑን አረጋግጡ። ላቲን-1 (ለላቲን ፊደል ብቻ የሆነው) ተብሎ ከወረደ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሊወርድላችሁ ይችላል፤ ያ ፋይል ደግሞ ተመልሶ አይስተካከልም።
3. የወረደውን ፋይል በጽሑፍ አርታዒ ከፍታችሁ አንድ የምታውቁትን የአማርኛ አርእስት ፈልጉ። በግዕዝ ፊደል ከተገኘ ደህና ነው።
4. አንዱን ቅጂ በአንድ ፍላሽ፣ ሌላውን በሌላ ፍላሽ፣ ሦስተኛውን ከጎጃም ውጭ ላለ ታማኝ ሰው ላኩ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለዚህ ነው። ኔትወርክ ለቀናት ቢጠፋ ድረ ገጹን ከሌላ ከተማ ማስነሣት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።
5. ቅጂውን በኮምፒውተራችሁ ላይ መልሳችሁ አስነሡት። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

የዶሜይኑን ማብቂያ ቀን ተመልከቱ። ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚጠይቅ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ መክፈያውን አዘጋጁ። በኮም የሚያልቁ ዶሜይኖች ከተሰረዙ በኋላ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አላቸው፤ ማስመለሻው ግን ከተራው እድሳት በጣም ይወደዳል። ዶሜይኑ የተመዘገበው ቡድኑን በለቀቀ ሰው ስም ከሆነ ሥራውን አቁሙና መጀመሪያ እሱን አዛውሩ።

## ደረጃ 2፦ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ

ይህ አሰልቺው ደረጃ ነው። የቀረው ሁሉ ግን የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። እያንዳንዱን ገጽ በሰንጠረዥ አስገቡ፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አርእስቱን፣ ሙሉ አድራሻውን፣ የወጣበትን ቀን፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ከጉግል ስንት ሰው እንደገባበት፣ እና ፍርዱን ጻፉ። የጎብኚውን ቁጥር ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጹ በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ) ላይ ታገኙታላችሁ። ሰርች ኮንሶል ካልነበራችሁ ዛሬ ክፈቱና እድሳቱን በ4 ሳምንት አዘግዩት፤ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ፍርድ ግምት ነው።

ፍርዱ ከአራት አንዱ ይሁን፦

- ይቆይ። ሰው ይገባበታል፣ መረጃውም ዛሬ ይሠራል።
- ይታደስ። ሰው ይገባበታል፣ መረጃው ግን የድሮ ቨርዥን ነው።
- ይቀላቀል። ስለ አንድ ነገር ሦስት አጫጭር ገጾች አሉ። በጣም የሚጎበኘውን አስቀርታችሁ የሁለቱን ጠቃሚ አንቀጽ ወደሱ አስገቡ።
- ይውጣ። ማንም አይገባበትም፣ መረጃውም ሞቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። የመጀመሪያው ለጽሑፉ ከማዘን የተነሣ ሁሉንም «ይቆይ» ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ አሮጌ ስለሆነ ብቻ መጣል። ስለ አሮጌው የእግር ኳስ ጌም ፔስ 2013 ወይም ስለ ፕሌይስቴሽን 2 የተጻፈ ገጽ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል፤ በትንንሽ ከተሞች ግን እነዚያ ማሽኖች አሁንም ገንዘብ ያመጣሉ፣ ጆይስቲካቸው ሲበላሽ የሚፈልግ ሰው አለ። ፍርዱን ቁጥሩ ይስጥ።

## ደረጃ 3፦ አቅጣጫውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ይህን ባዶ ቦታ ሙሉ፦ «ድረ ገጻችን ……… ለሚጫወት ሰው ………ን ከማንም በተሻለ ይመልሳል።»

የማይሠራ ምሳሌ፦ «ስለ ጌም ሁሉንም መረጃ በአማርኛ ያቀርባል።» ይህ ማንንም አይለይም፣ ምን እንደማትጽፉም አይነግራችሁም።

የሚሠራ ምሳሌ፦ «በስልክ ኢፉትቦል ለሚጫወት አማርኛ አንባቢ የአሰላለፍና የቅንብር ጥያቄውን ከማንም በተሻለ ይመልሳል።» አሁን የዝውውር ወሬ ትርጉም ከእናንተ ሥራ ውጭ መሆኑ ታየ።

ዜና ላይ አትቁሙ። የዝማኔ ዜና ጌሙ ራሱ ውስጥ ለተጫዋቹ ይደርሰዋል፤ ሁለት ሰው ያለው ቡድን እሱን ሊቀድም አይችልም፣ የዛሬ ዜናም ነገ አይነበብም። እናንተ ልትበልጡበት የምትችሉት ሌላ ነው፦ የጌሙን ሜኑ በአማርኛ ማስረዳት፣ በትንሽ ዳታ ዝማኔ ማውረድ፣ የአካባቢ ውድድር ደንብና ውጤት፣ የጆይስቲክና የማሽን ጥገና። እነዚህ ዓመት ያገለግላሉ።

ዓረፍተ ነገሩን ፈትኑት

አንድ ጌም ቤት የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። «ድረ ገጻችንን ትወዱታላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በይሉኝታ አዎ ይላችኋል። ተራ ከሚጠብቁት አንዱን «ወንድሜ፣ ባለፈው ሳምንት ጌም ውስጥ ምን ቸገረህ? ማንን ጠየቅህ?» በሉትና መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ። ከ10 ሰው ስትሰሙ አንድ ዓይነት ጥያቄ መደጋገም ይጀምራል። ዓረፍተ ነገራችሁ ከተደጋገሙት ሦስት ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ካልነካ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩ።

ስሙን አስቡበት

ድረ ገጻችሁ በጌሙ ስም ከተሰየመ ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው ጌሙ ስሙን መቀየሩ ነው። ፔስ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ሆነ፤ የኢኤው ፊፋ በፊፋ 23 አበቃና ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተባለ። በነዚያ ስሞች የተከፈተ ገጽ በአንድ ቀን የድሮ ሆነ። ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው፤ ባለ መብቱ ኩባንያ የራሱን ስም የያዘ ዶሜይን በአቤቱታ ሊያስወስድ ይችላል። ስለዚህ የጌሙን ስም በአርእስትና በመግለጫ ተጠቀሙበት፣ በዶሜይን ግን አታስገቡት። ነባሩ ዶሜይን የጌም ስም ካለው አዲስ ግዙ፤ አሮጌውን ግን አትልቀቁት፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት እየከፈላችሁ ወደ አዲሱ አስተላልፉበት።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎቹን መብቶችም አስተካክሉ፦ የኩባንያውን ሎጎ እንደራሳችሁ ሎጎ አታድርጉ፣ «ይፋዊ» የሚል ቃል አትጻፉ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የአድናቂዎች ገጽ መሆኑን ግለጹ፣ የተሰረቀ የጌም ቅጂ የሚያወርድ ሊንክ ካለ ዛሬውኑ አውጡ።

## ደረጃ 4፦ ተራ ተራውን ለዩ

የቡሬ ገበያ የገባ ሰው በርበሬ ተራ፣ እህል ተራ፣ ከብት ተራ የት እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ይደርሳል። ሜኑአችሁም እንደዚያ ይሁን። ከ5 ክፍል በላይ አታድርጉ፤ 360 ፒክሰል ስፋት ባለው ስልክ ላይ ከዚያ በላይ አይታይም።

ክፍሎቹን በጽሑፍ ዓይነት አትሰይሙ። «ዜና»፣ «ጽሑፎች»፣ «ቪዲዮ»፣ «ልዩ ልዩ» የሚል ሜኑ አንባቢው የፈለገውን አይነግረውም። በጥያቄው ሰይሙት፦ «አሰላለፍ»፣ «ተጫዋች መምረጥ»፣ «ማውረድና ዝማኔ»፣ «ውድድር»፣ «ጥገና»። «ልዩ ልዩ» የሚል ክፍል ከቀረባችሁ ደረጃ 2 ላይ ያልፈረዳችሁት ገጽ አለ ማለት ነው፤ ተመለሱ።

ከዚያ የጌሙን ቃላት አጻጻፍ አንድ አድርጉ። «ኩዊክ ካውንተር»፣ «ፖዜሽን ጌም»፣ «ሎንግ ቦል ካውንተር»፣ «አውት ዋይድ» የሚሉትን አትተርጉሙ፤ ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ የሚያየው እነሱን ነው። አንድ ጊዜ በአማርኛ አስረዱ፣ ከዚያ ሁሌም በአንድ ፊደል አጻጻፍ ጻፉ። አንዱ ጸሐፊ «ካውንተር»፣ ሌላው «ኮንተር» ካለ ፍለጋው ለሁለት ይከፈላል። የቃላቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ።

## ደረጃ 5፦ በወረቀት ንደፉ

ኮምፒውተር አትክፈቱ። በደብተር ላይ በስልክ መጠን ሳጥን ሣሉ፤ መሥራት ያለባችሁ ሦስት ገጽ ብቻ ነው፦ መግቢያው፣ የክፍል ዝርዝሩ፣ አንድ መመሪያ ገጽ። ሦስቱ ካለቁ ድረ ገጹ አለቀ።

በመመሪያው ገጽ ጀምሩ እንጂ በመግቢያው አትጀምሩ። አብዛኛው ሰው ከጉግል ወይም ከቴሌግራም የሚገባው በቀጥታ ወደ መመሪያው ስለሆነ መግቢያውን ሳያየው ሊሄድ ይችላል።

አንድ ገጽ ቀረብ ብለን እንይ፦ «የ4-2-3-1 አሰላለፍ»። የድሮው ገጽ 2 ሜጋባይት በሚመዝን ፎቶ ይጀምራል። ቀጥሎ ሰላምታ፣ ቀጥሎ አሰላለፉ ከየት እንደመጣ አራት አንቀጽ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያ። ተጫዋቹ የፈለገው ቅንብር ያለው አውራ ጣቱን ስድስት ጊዜ ከገፋ በኋላ ነው። ተራው ይደርሳል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ አይመለስም።

አዲሱ ገጽ እንዲህ ይደርደር፦

1. አርእስት።
2. ከአርእስቱ ሥር በትንሽ ፊደል «የተሞከረበት ቨርዥን፣ ስልክ ወይም ኮንሶል፣ የተሞከረበት ቀን»። ይህን መስመር አትተዉት። ኢፉትቦል በየጊዜው ስለሚዘመን ባለፈው ወር የሠራ ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ በስልክና በኮንሶል ያለው ጨዋታም አንድ አይደለም። ቀን የሌለው ምክር አንባቢውን ያስሸንፈዋል፤ ያ አንባቢ ሁለተኛ አያምናችሁም።
3. ቅንብሩ በሰንጠረዥ፦ ቦታ፣ የተጫዋች ዓይነት፣ ትእዛዝ። ሰንጠረዡ ከሦስት ዓምድ አይብለጥ፤ አራተኛው ከስልኩ ይወጣል።
4. ለምን እንደሚሠራ፣ ሁለት አንቀጽ።
5. መቼ እንደማይሠራ፦ የትኛው አሰላለፍ ያፈርሰዋል፣ በስንተኛው ደቂቃ ምን መቀየር አለበት።
6. ተዛማጅ ሁለት ሊንክ። ሁለት ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስልኩ ሳይገፋ በአንድ ስክሪን መታየት አለባቸው። ወረቀቱ ላይ ካልገቡ ስልኩም ላይ አይገቡም።

ስለ ቀለም ብዙ አትጨነቁ። አንድ ዋና ቀለም፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ጀርባ። ጥቁር ጀርባ ላይ ቀይ ጽሑፍ የጌም ገጽ ያስመስላል፣ ነገር ግን ፀሐይ ላይ አይነበብም፤ የግዕዝ ፊደል ጭረቱ ስለሚበዛ ደግሞ ይዋጣል።

## ደረጃ 6፦ የግዕዙን ጽሑፍ አስተካክሉ

ከውጭ የሚመጡ ቴሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። እንዳሉ ከተጫኑ አማርኛው ይጨናነቃል።

- የጽሑፉን መጠን 17 ወይም 18 ፒክሰል፣ የመስመሩን ከፍታ ከ1.6 እስከ 1.8 አድርጉ። ቴሙ 1.3 ብሎ ከሰጣችሁ «ሿ»ና «ጯ» ካለው መስመር ጋር የሚቀጥለው መስመር ይጋጫል።
- ኢታሊክ አጥፉ። ለግዕዝ ፊደል ብሮውዘሩ ያጋድመዋል እንጂ የተነደፈ ኢታሊክ የለውም። ማጉላት ሲያስፈልግ ደማቅ ተጠቀሙ።
- መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያለውን ፊደል (ፎንት) ተጠቀሙ። አብዛኛው የቅርብ ጊዜ አንድሮይድ የግዕዝ ፊደል ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውስም ኒያላን ወይም ኤብሪማን ይዟል። ምንም ማውረድ የለበትም። የራሳችሁን ፊደል ካስፈለጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በዎፍ2 (ለድረ ገጽ በተጨመቀ የፎንት) ፎርማት፣ ከሁለት ውፍረት ሳይበልጥ ጫኑ።
- በቅንብር ውስጥ የድረ ገጹን ቋንቋ አማርኛ አድርጉ።

ፊደሉ ሲበላሽ፦ መልኩን አይታችሁ ሕመሙን ለዩ

*ሳጥን ሳጥን ከሆነ* ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጠፋው የሚያሳየው ፊደል ነው። የፊደል ዝርዝሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ጨምሩ።

*ጭረትና ነጥብ የተደረገባቸው የላቲን ፊደሎች ከሆነ* ጽሑፉ አለ፤ ዩቲኤፍ-8 የነበረው እንደ ላቲን-1 እየተነበበ ነው። የዳታቤዙን የግንኙነት አመሳጠር አስተካክሉ። ምንም ነገር አርማችሁ አታስቀምጡ፤ በተበላሸ መልኩ ካስቀመጣችሁት ድርብ ስህተት ይሆናል።

*የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ* ጽሑፉ ጠፍቷል። ከባክአፕ መልሱ።

*ትርጉም የሌለው ተራ የላቲን ፊደል ከሆነ* በድሮው ዩኒኮድ ባልሆነ ፓወር ግዕዝ የተተየበ ነው። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አለበት።

ፍለጋውን አትርሱ። አንባቢው «ኃይል»፣ «ሀይል»፣ «ሃይል»፣ «ኀይል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ «ኳስ»ን «ኩዋስ» የሚል አለ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ካላችሁ ፍለጋው ከመሮጡ በፊት ሐ፣ ኀ እና ኸን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው፣ ቀጥሎም ሃን ወደ ሀ እና ኩዋን ወደ ኳ እንዲለውጥ አድርጉ፤ ለውጡ በተፈላጊው ጽሑፍም በተፈለገው ቃልም ላይ እኩል ይሁን። ሰው ከሌላችሁ በገጹ ግርጌ «ሌሎች አጻጻፎች» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ጌም ኩባንያዎች የዝማኔን ሰዓት ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም የጋራ ሰዓት) ይናገራሉ። በኛ አቆጣጠር ለማወቅ ከዩቲሲው 3 ቀንሱ፦ ዩቲሲ 7፡00 ለኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ውድድር ስታስታውቁ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ብላችሁ ጻፉ፤ «2፡00» ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

## ደረጃ 7፦ ክብደቱን ቀንሱ

ሂሳቡ ቀላል ነው። ገጹ 3 ሜጋባይት ከሆነ 100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ልጅ 33 ገጽ ከፍቶ ያልቅበታል። ገጹ 400 ኪሎባይት ከሆነ ከ200 በላይ ይከፍታል። ለአንድ ገጽ 500 ኪሎባይት ጣሪያ አድርጉ።

1. የስክሪን ፎቶን ከማስገባታችሁ በፊት የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቁረጡ።
2. ስፋቱን 720 ፒክሰል አድርጉ።
3. በዌብፒ ፎርማት፣ ጥራቱን 75 አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብዙውን ጊዜ ከ100 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ቁጥሮቹ ካልተነበቡ ጥራቱን ከመጨመር ይልቅ ፎቶውን ይበልጥ አጥብባችሁ ቁረጡ።
4. ቪዲዮ በቀጥታ አትስቀሉ፣ የቪዲዮ ማጫወቻውንም ገጹ ውስጥ አታስገቡ። ሊንክ ብቻ ስጡ፤ አጠገቡ የሚፈጀውን ሜጋባይት ጻፉ።
5. ተንሸራታች ፎቶውን አውጡ። የሚገፋው ሰው የለም፣ ክብደቱ ግን የሁሉም ነው።
6. ፕለጊኖቹን (በዎርድፕረስ ላይ የተጨመሩትን ፕሮግራሞች) አንድ በአንድ አጥፉና ገጹን ክፈቱ። ምንም ካልጎደለ ፕለጊኑን ሰርዙ።

## ደረጃ 8፦ በቅጂው ላይ ሥሩ፣ የአድራሻ ሰንጠረዥ አዘጋጁ

በሚሠራው ድረ ገጽ ላይ አትሥሩ። ሆስቲንጉ የመሞከሪያ ቅጂ ከሰጣችሁ እሱ ላይ፣ ካልሆነ በኮምፒውተራችሁ ላይ ሥሩ። የመሞከሪያው ቅጂ በጉግል እንዳይታይ በዎርድፕረስ የንባብ ቅንብር ውስጥ ያለውን የፍለጋ ሞተር መከልከያ ምልክት አድርጉ። ይህን ምልክት አሁኑኑ በደብተራችሁ በቀይ ጻፉት። በመክፈቻው ቀን ማንሣት የሚረሳው እሱ ነው፤ ከተረሳ ድረ ገጹ ቀስ በቀስ ከጉግል ይጠፋል፣ ለምን እንደጠፋም በቀላሉ አይታወቅም።

አሁን የደረጃ 2ን ሰንጠረዥ አምጡ፤ «አዲስ አድራሻ» የሚል ዓምድ ጨምሩ።

- «ይቆይ» የተባለው ገጽ አድራሻው ከተቻለ አይቀየር።
- የተቀየረ አድራሻ ሁሉ በ301 (በቋሚ ማስተላለፊያ) ወደ አዲሱ ይተላለፍ። 302 ጊዜያዊ ነው፤ አትጠቀሙበት።
- የተቀላቀለው ወደተቀላቀለበት ገጽ ይተላለፍ።
- የወጣው ገጽ ተተኪ ከሌለው 404 (አልተገኘም) ወይም 410 (ለዘለቄታው ወጥቷል) ይበል። የጠፉትን ሁሉ ወደ መግቢያው ገጽ አትላኩ፤ ጉግልም እንዳልተገኘ ይቆጥረዋል፣ አንባቢውም ይደናገራል።
- ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ መ የሚሄድ ሰንሰለት አታድርጉ። ከሀ በቀጥታ ወደ መ።

የአማርኛ አድራሻ ልዩ ችግር አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ የጽሑፉን አድራሻ በ200 ምልክት ስለሚገድበው ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። «የኢፉትቦል ሞባይል ምርጥ የመከላከል አሰላለፍ ለጀማሪዎች» እና «የኢፉትቦል ሞባይል ምርጥ የመከላከል አሰላለፍ ለባለሙያዎች» የመጀመሪያ ቃላቸው አንድ ስለሆነ አድራሻቸው ተቆርጦ ሊመሳሰል ይችላል፤ ያኔ ዎርድፕረስ ሁለተኛው ላይ ቁጥር 2 ይለጥፍበታል። ለአዲስ ገጽ አድራሻውን በላቲን ፊደል በሦስት ወይም በአራት ቃል ራሳችሁ ጻፉ፤ አርእስቱ በአማርኛ ይሁን። የድሮዎቹን ስታስተላልፉ አድራሻውን ከአርእስቱ ገምታችሁ አትጻፉት፤ ከብሮውዘሩ ላይ ቅዱት። አንዳንድ የማስተላለፊያ ፕለጊን ግዕዙን እንዳለ፣ አንዳንዱ የተመሰጠረውን ይፈልጋል። በአንድ አድራሻ ሞክሩና የሠራውን ለሁሉም ተጠቀሙ።

በሰው ፈትኑ። በርካሹ ስልክ ላይ ቅጂውን ክፈቱ። ድረ ገጹን የማያውቁ ሦስት ሰዎች ፈልጉ፤ ባሕር ዳር ከሆናችሁ በዩኒቨርሲቲው ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ አካባቢ አይጠፉም። «እስኪ የ4-2-3-1 ቅንብርን አግኝልኝ» በሉና ሰዓት ያዙ። አትርዱ፣ ጣት አትቀስሩ፣ አትናገሩ። 30 ሰከንድ ካለፈ ጥፋቱ የሜኑው ነው። የት እንደነካ ጻፉ፦ ሦስቱም አንድ የተሳሳተ ቦታ ከነኩ የዚያን ክፍል ስም ቀይሩ።

## ደረጃ 9፦ የመክፈቻው ቀን

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፈቱ። ዓርብና ቅዳሜ አይሆንም፤ ጌም የሚበዛው ያኔ ነው፣ ሲበላሽም የሆስቲንጉ ድጋፍ ቶሎ አይመልስም።

1. መብራትም ኔትወርክም መኖሩን አረጋግጡ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ የሁለት ኩባንያ ሲም ይዘጋጅ።
2. አዲስ ባክአፕ ውሰዱ። የስድስት ሳምንቱ አይበቃም፤ በመሀል የወጣ ጽሑፍ አለ።
3. አዲሱን ወደ ዋናው አዛውሩ።
4. በቀይ የጻፋችሁትን መከልከያ ምልክት አንሡ።
5. ካሹን (ለፍጥነት የተቀመጠውን የድሮ ገጾች ቅጂ) አጽዱ።
6. በጣም የሚጎበኙትን 20 የድሮ አድራሻዎች አንድ በአንድ ክፈቱ። ሃያውም ካልሠሩ ለማንም አታስታውቁ።
7. አዲሱን ሳይትማፕ (የገጾቹን አድራሻ ዝርዝር) ሰርች ኮንሶል ላይ አስገቡ።
8. ቴሌግራም ላይ ሊንኩን ለራሳችሁ ላኩ። የድሮው ፎቶና አርእስት ከመጣ ቴሌግራም የድሮውን ይዟል፤ ሊንኩን ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ላኩለት፣ ያድሰዋል። ከዚያ ወደ ቻናሉ ልቀቁ።

መሀል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ሲመለስ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ግማሹ የተጫነ ፋይል የትኛው እንደሆነ አታውቁም። የቁጥር 2ን ባክአፕ መልሱና ከቁጥር 3 ጀምሩ። ለሰዓታት የሚጠፋ ከመሰላችሁ ከጎጃም ውጭ ላለው ሰው ደውላችሁ ባክአፑን እሱ ይመልስ።

ነጭ ገጽ ብቻ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ቴም ጋር የተጋጨ ፕለጊን ነው። በፋይል ማስተዳደሪያው ገብታችሁ የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ቀይሩ፤ ሁሉም ይጠፋሉ። ገጹ ከተነሣ ስሙን መልሱና አንድ በአንድ አብሩ።

## ደረጃ 10፦ ቀጣዮቹ 30 ቀናት

በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰርች ኮንሶል ላይ «አልተገኘም» የሚሉትን አድራሻዎች ተመልከቱና ለእያንዳንዱ ማስተላለፊያ ጨምሩ። ከጉግል የሚመጣው ሰው ለጥቂት ሳምንታት ቢዋዥቅ አትደንግጡ፤ ቴሙንም መልሳችሁ አትቀይሩ። ከ4 ሳምንት በኋላም ከቀነሰ ሁለት ነገር ፈትሹ፦ መከልከያው ምልክት በእርግጥ ተነሥቷል? በብዛት ይጎበኙ የነበሩት ገጾች በ301 ነው ወይስ በ302 የተላለፉት?

ማስተላለፊያዎቹን ቢያንስ ለ1 ዓመት አታንሡ።

በ30ኛው ቀን ሰንጠረዡን እንደገና ክፈቱ፤ ከየገጹ አርእስት ሥር ያለውን «የተሞከረበት ቀን» በአዲስ ዓምድ አስገቡና በቀን ቅደም ተከተል አሰልፉት። ከላይ የመጡትን አምስት አሮጌ ገጾች ወስዳችሁ በዛሬው ቨርዥን ጌሙ ላይ ሞክሯቸው። የሠራውን ቀኑን አድሱ፤ ያልሠራውን በዚያው ቀን አርሙት ወይም በአርእስቱ ሥር «በአሁኑ ቨርዥን አይሠራም» ብላችሁ ጻፉበት። በየወሩ አምስት አምስት ገጽ።